መሥሪያ ቤትሽ የት ነው?

አባቴ ይጠይቃል ማለዳ ማለዳ፣
«መሥሪያ ቤትሽ የት ነው?» ይለኛል እንደ እንግዳ።
ሊበን ነው አባቴ፣ የምድር ባቡር ሰው፣
አርባ ዓመት ሙሉ ፊሽካ የቀሰቀሰው፤
ፍሬን ያዥ ነበረ፣ መጨረሻው ፉርጎ ላይ፣
ጣቢያ ሲርቅ እንጂ ሲቀርብ የማያይ።
ሽንሌ፣ አዲጋላ፣ አይሻ፣ ደወሌ፣
ከኔ ስም አስቀድሞ ይጠራቸዋል ሁሌ፤
ግን አንዱም ጋ ወርዶ አያውቅም በፈቃዱ፣
መሄድ ሥራው ነበር፤ የሱ አልነበረም መንገዱ።

እኔስ?
እኔ ከዚራ ነኝ፣ ከግቢያችን ጥግ፣ ከኒሙ ሥር፣
እግሬ በባልዲ ውሃ፣ ላፕቶፔ በርጩማ ላይ፣
የሰው ሻንጣ ስፈልግ እውላለሁ።
ለሊዝበን ተጭኖ ማኒላ የወረደ፣
ውስጡ የሙሽራ ጫማ ያለበት፣
ወይ የአስም መድኃኒት፣
ወይ ባለቤቱ ሊነግረኝ ያፈረው ነገር።
ከሐረር ወዲያ አልፌ አላውቅም፤
ግን «አይዞዎት እመቤቴ፣ ተገኝቷል» ስል
ባላየሁት ከተማ አንዲት ሴት በረጅሙ ትተነፍሳለች።

ለአባቴ መሥሪያ ቤት ቤት ነው፤
በር ያለው፣ ዘበኛ ያለው፣
ፈርመው የሚገቡበት፣ ተፈትሸው የሚወጡበት።
የኔው ቤቱ ፈርሶ መሥሪያው ብቻ ቀርቷል።
አጥፌ በብብቴ ይዤው እሄዳለሁ፤
ሙቀቱ ሲብስ ጀጎል፣ አክስቴ ረውዳ ቤት፣ ቀዩ መደብ ላይ፤
አንዴም ሚኒባስ ውስጥ፣ የደንገጎን ጠመዝማዛ ስንወጣ፣
ጫት በታቀፉ ሁለት ሴቶች መሃል ተጣብቄ
የአንድ ዴንማርካዊ ቫዮሊን አገኘሁ።
«ምን ተገኘ?» አሉኝ ስጮህ።
«ቫዮሊን።»
«አልሐምዱሊላህ» አሉ፣ የራሳቸው ጠፍቶ እንደተገኘ።

ነፃነት ይሄ ነው?
ነው እንጂ።
በቀትር ድሬ ሱቋን ቆልፋ ስትተኛ
እኔም በሬን ገርበብ አድርጌ እተኛለሁ፤
የደቻቱ አሸዋ ሲቀዘቅዝ እነሣለሁ።
ፊሽካ የሚነፋብኝ የለም።

ግን ከስክሪኔ ጥግ አንዲት ነጥብ አለች፣
አረንጓዴ፣ ምስር የምታክል።
ውሃ ልጠጣ ስነሣ ቢጫ ትሆናለች፤
ብርጭቆውን ሳላጋምስ
ሩቅ ያለ ሰው «አለሽ?» ይለኛል።
አለሁ።
አለሁ አለሁ።
ፊሽካስ ቢሆን ጮኾ ያበቃል፤
እሷ ዝም ብላ ታየኛለች።
ይህን ለአባቴ አልነገርኩትም።

የግንቦት ሌሊት ነበር፤ ሰፈሩ ሁሉ ግቢ አልጋ አውጥቶ የተኛበት።
መብራት ሄደ።
የባትሪዬ ዕድሜ ዘጠኝ በመቶ፣
የአንድ ሕፃን የጆሮ መስሚያ ያለበት ሻንጣ አልተገኘም፣
ኔትወርኩ ደግሞ ጠብ የሚለው ከአባቴ አልጋ ራስጌ ብቻ ነው።
ሄጄ መሬት ላይ ተቀመጥኩ።

ነቃ። አልተቆጣም።
«ምን ጠፋ?»
«ሻንጣ።»
«ሲጫን ተቆጥሯል?»
«አዎ።»
«ሲራገፍስ?»
ዝም አልኩ።
«ዕቃ ሁለቴ ይቆጠራል፣ ልጄ፤ ሲነሣና ሲደርስ።
ባልተቆጠረበት ጣቢያ ነው ያለው።»

እያየሁት ወደ ጓዳ ገባ፣
ከሳጥኑ ሥር የባቡሩን ፋኖስ ይዞ ወጣ፣
በአንድ ጎኑ ቀይ፣ በአንድ ጎኑ አረንጓዴ መስታወት ያለው።
ለኮሰው። ጭሱ አሳለው።
አረንጓዴውን ወደኔ አዙሮ ከእግሬ ሥር አኖረውና
«ክፍት ነው፣ ሂጂ» ብሎ ተኛ።

ሄድኩ፤ ካለሁበት ሳልነቃነቅ፣
አንድ በአንድ ጣቢያዎቹን እየጠየቅኩ።
ስክሪኔ በሁለት በመቶ ከመጥፋቱ በፊት
ሻንጣው ኢስታንቡል ከአንድ ግድግዳ ሥር ቆሞ ተገኘ።
ስክሪኑ ጨለመ፤ ነጥቧም አብራ።
የቀረው የአባቴ አረንጓዴ ብቻ ነበር፣
«አለሽ?» የማይለኝ።

ጠዋት ቁርስ ላይ ሻዩን እያማሰለ
«መሥሪያ ቤትሽ የት ነው?» አለኝ ደግሞ፣ እንዳልሰማ።
መልስ ሳልሰጥ ወጣሁ።
በርጩማዬ ከትናንት ቦታው ተነሥቶ
ፀሐይ ወደማይደርስበት የኒሙ ጎን ተስቧል፤
ባልዲውም ተሞልቷል።